የነጠላ ጫፍ ችሎት

ለልጅ ታሪክ መንገር ይጎዳል ብሎ የሚከራከር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እንግዲያው የመጀመሪያዋ እኔ ልሁን። ጉዳቱን በወሬ አይደለም የማውቀው። ወረታ ከተማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ፣ ነጠላዬ ከጎረቤቴ ነጠላ ጋር ተቋጥሮ ችሎት ቆሜአለሁ። የቋጠረችን የገዛ ልጄ ናት። አቋጣጠሩን ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሰው በሚጨርስበት ዕድሜ ነው። አግብቼ፣ ትልቋን ልጄን ማስተዋልን ወልጄ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት። ዘግይቶ ማዕድ የቀረበ ሰው ጠርዙንም አያስተርፍም፤ እኔም የተማርኩትን ሁሉ ከነጠርዙ ነው የያዝኩት። ሂሳቡንና ሳይንሱን እንደ ምንም ተወጣኋቸው። ታሪክ ላይ ስደርስ ግን እዚያው ቁጭ አልኩ፤ እስካሁንም አልተነሣሁም።

የነገሥታቱን ጦርነት ለትምህርት ቤቱ ትቼለታለሁ። እኔን የሚገርመኝ ተራው ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ነው፤ ጨው እንዴት ገንዘብ እንደሆነ፣ አዋጅ እንዴት ይነገር እንደነበር፣ የተጣላ ሰው የት ሄዶ ይካሰስ እንደነበር። ይህንንም ለሁለቱ ልጆቼ የምነግራቸው ሩዝ ስንለቅም ነው። ሰፌድ ፊቱ የተቀመጠለት ልጅ ማምለጫ የለውም። አንዱን ጠጠር ሲያወጣ አንዱን ታሪክ ይውጣል።

ክፋቱ፣ ልጆቼ ሰምተው አይተዉም። ስለ አሞሌ ጨው በነገርኳቸው ሳምንት ትንሿ ልጄ ቤዛ ማስቲካ ልትገዛ ጨው ይዛ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ «እናትሽ ደህና ናት ወይ?» ብሎ ላከብኝ። ስለ ነጋሪት በነገርኳቸው ማግስት ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ዘቅዝቃ በር ላይ ወጣችና፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ፣ አባቴ ትናንት እግሩን ሳይታጠብ ተኝቷል ብላ አወጀች። ባለቤቴ የሚሠራው ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የገለባ አቧራ ለብሶ ይውላል። አዋጁ እሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ደንበኞቹ ዘንድ ደርሶ ነበር። ሲመለስ በር ላይ ቆሞ፣

«ይህ ታሪክ የምትዪው ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

«አያልቅም» አልኩት።

«እንደሱ ከሆነ ውሃ አቅርቢልኝ፤ እግሬን ልታጠብ» አለ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ ከቤት አልወጣም ማለት ይቻላል። የወጣው በየሻረግ በኩል ነው።

የሻረግ ጎረቤቴ ናት፤ የማስተዋልም የክርስትና እናት። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ተወላጅ ናት። የራሷ ልጆች አድገው እያንዳንዳቸው ወደ ሥራቸው ሄደዋል። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳፈጥ፣ ማስተዋልን አዝላ እሹሩሩ የምትልልኝ እሷ ነበረች። እሷ ባትኖር እኔ ዛሬም በጣቴ የምፈርም ሴት ነኝ። በሁለታችን አጥር መሃል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አለ፤ በዚያ ክፍተት ያልተላለፈ ነገር የለም፤ ወንፊት፣ እርሾ፣ ፍም፣ ልጅ።

አንድ ቀን ለጎረቤት ሠርግ ሽንኩርት ልንልጥ ተሰብስበናል። የሻረግ ወግ ስትጀምር የሴቱ እጅ ሁሉ ይፈጥናል፤ እኔም ደስ እያለኝ እሰማለሁ።

«አባቴ» አለች፣ «ቁሐር ሚካኤል ላይ ሩዝ መጀመሪያ የዘሩ ሰው ናቸው። ውሃ የሚተኛበትን፣ ሰው ለከብት ሣር ብቻ የተወውን ረግረግ ዘሩበት። ሰው ሁሉ እኒህ ሰውዬ ለወፍ ድግስ ደገሱ እያለ ሳቀባቸው። በዓመቱ ግን የሳቀው ሁሉ ዘር ሊለምን እደጃችን ተሰለፈ።»

«ይገርማል» አሉ ሴቶቹ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለች አንዷ።

ዝም ማለት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ሙያዬ ነው፤ ዝምተኛ ናት እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ግን የዝምተኛ ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ስንት ቀን ያጠራቀመው አንድ ቃል ሲወጣ ቦታ አይመርጥም።

«መጀመሪያ መሆናቸው በምን ይታወቃል?» አልኩ። «ማስረጃ አለ?»

ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ማስረጃ?» አለች የሻረግ።

«ማለቴ፣ የተጻፈ ነገር። ወይም ያየ ሰው።»

«ሽንኩርትሽን ላጪ» አለችኝ።

ከዚያች ቀን ወዲያ አላነጋገረችኝም። ጥያቄው ስህተት ነው ብዬ አሁንም አላምንም። ጥያቄው ደህና ነበር፤ የቸኮለው አፌ ነው።

ከዚያ ንግግራችን ሁሉ በማስተዋል በኩል ሆነ።

«ማስተዋል፣ ለእናትሽ ንገሪያት፤ ዶሮዋ ገብታ ጎመኔን እየበላች ነው» ትላለች የሻረግ፣ እኔ ከክፍተቱ ወዲህ ቆሜ እየሰማኋት።

«ማስተዋል፣ ለክርስትና እናትሽ ንገሪያት፤ ያቺ ዶሮ የእኛ አይደለችም። የእኛዋ እግሯ ቢጫ ነው።»

«ማስተዋል፣ ቢጫ እግር ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ ጠይቂያት።»

«ሁለታችሁም ሰምታችኋል» ትላለች ማስተዋል፣ እንደ ተርጓሚ መሃል ቆማ።

ቀጥሎ የሻረግ ክፍተቱን በቆርቆሮ ዘጋችው። ኩርፊያ ያልፋል፤ ቆርቆሮ ግን በሚስማር ነው የሚመታው። መጽሐፍ ስገልጥ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ምን ብዬ? አባትሽ የመጀመሪያው ናቸው እንዳልላት አላውቅም። አይደሉም እንዳልልም ያንንም አላውቅ። ከይቅርታ በፊት ጉዳዩን ማጣራት የምትፈልግ ሴት ምን ዓይነት መከራ እንደሆነች ባለቤቴ ቢጽፈው ይሻላል።

አንድ ቀን ሩዝ ስንለቅም ማስተዋል ቀና ሳትል፣

«እማ፣ ድሮ የተኳረፉ ሰዎች ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«ይካሰሳሉ።»

«እንዴት?»

መቼም እንዴት ተብዬ ዝም አልልም። ቁራኛን ነገርኳት። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ፣ ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ እንደነበር። በሕግ አምላክ ከተባለ የሰማ ሁሉ ባለበት ቀጥ እንደሚል። አላፊ መንገደኛም ቢሆን ዳኝነት ሲለመን እምቢ እንደማይል። ዋስ የጠራ እንደሚፈታ፣ ዋስ ያጣ እንደታሰረ እንደሚቆይ።

«ነጠላውን ጥሎ ቢሄድስ?» አለች ቤዛ።

«ጥሎ የሄደማ ተረታ ማለት ነው» አልኳት።

ይህን የመጨረሻውን የትም አላነበብኩትም። መቼም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነው። ያለማስረጃ የተናገርኳት ነገር ይህች ብቻ ናት፤ እሷው ናት አንገቴን የያዘችኝ።

ታኅሣሥ ላይ ወረታ ውስጥ ባዶ መሬት አይገኝም፤ ደልዳላ የሆነ ስፍራ ሁሉ ሩዝ ይሰጣበታል። በእኛ በኩል ፀሐይ ደህና አድርጎ የሚመታው ከሁለታችን ደጅ ፊት ያለው የመንገዱ ዳር ነው። የሻረግ ሸራዋን ዘረጋች፤ እኔም ሸራዬን ዘረጋሁ። ተኳርፈናልና ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀምጠን ዶሮ እንጠብቃለን። እኔ መጽሐፌን ይዣለሁ። ልጆቼ ከኋላችን እየተሳሳቁ ይጫወታሉ። እናት ልጆቿ በዝግታ ሲስቁ ከሰማች መነሣት አለባት፤ እኔ ግን ገጹን ልጨርስ ብዬ ቀረሁ።

ያቺ ባለ ቢጫ እግር ዶሮ መጣች። «ሽ!» ብዬ ተነሣሁ፤ አንድ እርምጃ ሳልራመድ ነጠላዬ ወደ ኋላ ጎተተኝ። የሻረግ ደግሞ ሩዙ ሲበላ አይታ ኖሮ እሷም ከወዲያ ተነሣች። የሻረግ ደንዳና ሴት ናት፤ እኔ ቀጭን ነኝ። እሷ ወደ ሄደችበት ሄድኩ። ሩዙ መሃል ገብቼ ተንበረከክሁ፤ መጽሐፌ ዶሮዋ ላይ ወደቀ፤ ዶሮዋ እየጮኸች ባልንጀሮቿን ጠራች።

«በሕግ አምላክ!» አለች ማስተዋል።

የሻረግ ቀጥ አለች። በሕግ አምላክ ተብሎ የሚራመድን ሰው ከሰው አትቆጥርም፤ አባቷ እንደዚያ ነው ያሳደጓት። እኔም ተንበርክኬ ቀረሁ።

«ማን ነው የቋጠረን?» አለች የሻረግ።

«ቁራኛ ነው፣ እትየ» አለች ማስተዋል። «ዳኛ ሳያያችሁ አይፈታም። ነጠላውን ጥሎ የሄደ ተረታ።»

ብድግ ብዬ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላወርድ እጄን አንሥቼ ነበር፤ ይህን ስሰማ መለስኩት። የሻረግም እጇን ስትመልስ አየኋት። እንዲህ ሆነና ልጅ ያሳደጉ ሁለት ሴቶች፣ ማንም ያልከለከላቸውን ነጠላ ለመጣል ማን ይቅደም ብለው፣ መንገድ ዳር ተፋጠው ቆሙ። ዶሮዎቹ ሩዙን ይለቅማሉ።

ወዲያው ቤዛ ሳፋዋን እየመታች መንገዱ መሃል ገባችና አንድ ሽማግሌ ፊት ቆመች። ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በትርና ባዶ ጀሪካን ይዘው፣ የሚያማቸውን ጉልበት ለመታጠብ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊሄዱ መኪና የሚጠብቁ ሰው ናቸው።

«በሕግ አምላክ! ይቁሙ!»

«እኔ ነኝ?» አሉ፣ ግራ ቀኝ አይተው።

«አዎ። ዳኛ ነዎት።»

ሽማግሌው ወደ ቋጠሮው አዩ፤ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ የሻረግ አዩ። ዓይናቸው በራ።

«ቁራኛ! አባቴ ሲያወሩ ብቻ ነው የሰማሁት» አሉ። «ነገሩ መኪናዬ ሳይመጣ የሚያልቅ ነው?»

«ትንሽ ነገር ነው፣ አባቴ» አልኩ።

«ትልቅ ነገር ነው» አለች የሻረግ።

«ትልቅ ከሆነስ ልቀመጥ» አሉና ጀሪካናቸውን ዘቅዝቀው ተቀመጡበት። «ከሳሽ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች የሻረግ። «ይህች ሴት አባቴን ከፎገራ ሜዳ ላይ ነቅላብኛለች።»

«ነቅላ?»

«ከነሥራቸው። ቁሐር ሚካኤል ላይ ሩዝ መጀመሪያ የዘሩት አባቴ ናቸው። ይህች ደግሞ ሰው ሰብስባ...»

«ሰው እኔ አልሰበሰብኩም፤ ለሽንኩርት ነው የተሰበሰብነው» አልኩ።

«ሲነገር አታቋርጪ» አሉኝ ዳኛው። «ቀጥይ ልጄ።»

«በሰው ፊት፣ ማስረጃሽን አምጪ አለችኝ። ልጇን በጀርባዬ ያሳደግሁላት ሴት፣ እንደ ሌባ ማስረጃ አምጪ አለችኝ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ የሻረግ የተቀየመችው ስለ ሩዝ ይመስለኝ ነበር። ሰው ተሰብስቧል፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ይሰማል፤ ድስቷን ተሸክማ ገበያ የምትወርድ አንዲት ሸክላ ሠሪም ሸክሟን አውርዳ ቆማለች።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ፍርድ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሩዝ መጀመሪያ የተዘራው እንኳ ቁሐር ሚካኤል አይደለም። እኛ አገር ነው። የዘራውም የሚስቴ ወንድም ነው።»

የሻረግ አፏን ከፈተች።

«አይ አባባ» አለ የባጃጁ ሾፌር፣ «የእኔ አያት ናቸው ሲባል ነው የሰማሁት።»

«ማንም ይዝራው» አለች ሸክላ ሠሪዋ። «መጀመሪያ የተቀቀለው በእኛ ድስት ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ወድጄ አይደለም፤ አመል ነው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ ዳኛውን። «የሚስትዎ ወንድም የመጀመሪያው መሆናቸውን በምን ያውቃሉ? ማስረጃ አለዎት?»

የሻረግ ዞራ አየችኝ። ከኮረፍን ወዲህ ፊት ለፊት ስታየኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እውነቷን ነው!» አለች። «ማን አየ? የትኛው ረግረግ ላይ ነው የዘሩት?»

«ዘሩንስ ከየት አመጡት?» አልኩ።

«ማን ነው አብሯቸው ያጨደ? ይጥሩልን እስቲ!» አለች።

እንግዲህ በአንድ ነጠላ የተቋጠሩ ሁለት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲመጡብዎት ጀሪካን ላይ መቀመጥ አይመችም። ሽማግሌው ተነሡ። በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ዳኛ ማስረጃ የሚጠየቅበት ችሎት የት አገር ነው ያለው?» አሉ። «ነገሩ አሁን ገባኝ። ይህች ሴት ሰው ሁሉ ላይ ነው እንዲህ የምታደርገው። ዋስ ትጥራ፤ ዋስ ካልጠራች ቁራኛው አይፈታም።»

«ኧረ አባቴ፣ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው» አልኩ።

«ሕጉ ነው፣ እማ» አለች ማስተዋል። «አንቺው ነሽ የነገርሽን።»

ዋስ ፍለጋ ዙሪያዬን አየሁ። ባለቤቴ መፈልፈያው ዘንድ ነው፤ እዚያ ስልክ ቢጮህ አይሰማም። ልጆቼን አየሁ፤ ሕፃን ዋስ አይሆንም አሉ ዳኛው። የባጃጁን ሾፌር አየሁት፤ ሞተሩን አስነሣ። ሸክላ ሠሪዋ፣ «እህቴ፣ መልክሽን አውቀዋለሁ፤ ስትናገሪ ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ደህና አድርጌ የማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ለዋስነት አይጠሩም።

ጨዋታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ፣ ማን ይዋስሻል ተብሎ በሰው መሃል ቆሞ፣ ማንም እኔ አለሁ ሳይል ሲቀር፣ በጨዋታም ቢሆን ያማል። አንገቴን ደፋሁ። ትንሿ ልጄ ሳፋዋን አቅፋ ወደ እኔ ተጠጋች።

«እኔ እዋሳታለሁ» አለች የሻረግ።

ዳኛው ጆሯቸውን አዘነበሉ። «አንቺ ከሳሽ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ክስሽን ተውሽ?»

«አልተውኩም። አባቴ የመጀመሪያው ናቸው።»

«ታዲያ ከሳሽ ለተከሳሿ ዋስ ሲሆን የት ታየ?»

«ምን ላድርግ?» አለች የሻረግ። «ከእኔ ሌላ ማን አላት?»

ይህን ጊዜ የወንዛዬ መኪና ጡሩንባዋን እየነፋች መጣች። ሽማግሌው ጀሪካናቸውን አንሥተው፣ ያንኑ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው እየሮጡ ወደ መኪናዋ ሄዱ።

«ቀጠሮስ?» አለች ማስተዋል፣ እየተከተለቻቸው። «ፍርዱ ለመቼ ነው?»

«ጉልበቴ ሲድን!» አሉ በመስኮት፣ ሄዱም።

ቋጠሮው እምቢ አለን። ልጄ ስትቋጥር ለዘለዓለም ነው። የሻረግ በጥርሷ ያዘችው፤ እኔ በጥፍሬ። ግንባራችን ሊገጥም ደርሶ፣ ነጠላው ጥርሷ መሃል እንዳለ፣

«ከስተሻል» አለችኝ።

«አንቺም» አልኳት። እሷ እንኳ አልከሳችም፤ ይቺን ግን ሳላጣራ ተናገርኩ።

ሲፈታልን ሁላችንም ሩዙ ላይ ወደቅን፤ ዶሮዎቹ ያስተረፉልንን አንድ ላይ ጠርገን ሰበሰብን። የማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለምና ግማሽ ግማሽ ተካፈልን። በማግስቱ ጠዋት የሻረግ ቆርቆሮውን ነቀለች። ልትታረቀኝ እንዳይመስላችሁ። የዋሰችውን ሰው ከዓይኗ ማራቅ ስለማይገባት ነው፤ ብጠፋ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሰፌዴንና ልጆቼን ይዤ በክፍተቱ እየሾለክሁ እሷ ዘንድ እውላለሁ። ለልጆቼ ስለ አባቷ ትነግራቸዋለች፤ አንድ ቀን ረግረጉ እስከ ጉልበታቸው ነው፣ አንድ ቀን እስከ ወገባቸው። እኔ ጠጠር እለቅማለሁ።

ባለቤቴ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያበቃው ይለኛል። እኔ ሕግ የማከብር ሴት ነኝ። ዳኛው ጉልበታቸው እስኪድን በዋስ ነኝ። የወንዛዬ ውሃ ፈዋሽ ነው ይባላል፤ ማዳኑንም ያድናቸው። ሳይቸኩል ግን።